ጭላዳ፣ ጉሬዛና ጦጣ በተራራ ላይ፦ በበጋና በክረምት እንዴት ይቆጠራሉ?

ሐምሌ ላይ ገደል አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ። ጉሙ ሁሉንም ውጦታል። አንድ ሰዓት ትጠብቁና ቅጹ ላይ ዜሮ ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ። ጥር ላይ እዚያው ቦታ ስትመጡ ሜዳው በጭላዳ ተሞልቷል፣ 300 ትቆጥራላችሁ። ከዚያ ሪፖርቱ ውስጥ «ጭላዳዎች በክረምት አካባቢውን ለቀው ይሄዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል። ጭላዳው ግን የትም አልሄደም። ሐምሌም ቢሆን ከእግራችሁ ሥር ሃምሳ ስልሳ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የገደሉ እርከን ላይ ኩርምት ብሎ ጉሙ እስኪገለጥ እየጠበቀ ነበር።

እኔም መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ይቺን ስህተት በደንብ አድርጌ ሠርቻታለሁ። ለዚህ ነው መመሪያውን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የጻፍኩት፦ ወቅት ሲቀየር የተቀየረው እንስሳው ነው ወይስ የእናንተ የማየት አቅም? ሁለቱን መለየት ካልቻላችሁ የቀረውን ልፋት ውኃ በላው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ስካውቶች (የፓርክ ጠባቂዎች)፣ አስጎብኚዎች፣ ወይም እንዲሁ ተራራ የምትወዱ ሰዎች፣ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

1. ጥያቄያችሁን ለዩ

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች አሉ ዝንጀሮ፣ እሾህ እግሯም መቀመጫዋም ላይ ተሰክቶባት የቱ ይነቀልልሽ ብትባል። እዚህም እንደዚያ ነው። «ብዝኃነትና ስርጭት» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ስትወጡ ውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ስንት ዓይነት ዝርያ አለ? የት የት ይገኛሉ? ስንት ናቸው? የመጀመሪያው በጥቂት ቀን ጥሩ ፍለጋና ከእረኛ ጋር በመጨዋወት ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ሁሉንም ዓይነት መሬት መርገጥ ይጠይቃል፣ የሚመቻችሁን ብቻ ሳይሆን። ሦስተኛው ግን ድግግሞሽና ትዕግሥት ነው። አቅማችሁ አንዱን ብቻ ከቻለ አንዱን በደንብ ሥሩ።

2. ማንን እንደምትጠብቁ ዕወቁ

በእኛ ተራሮች ላይ ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፣ ግን ማምታታት ቀላል ነው።

ጭላዳ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በአብዛኛው ከ1,800 እስከ 4,400 ሜትር ባለው ከፍታ ይኖራል። ሳር ይግጣል፣ ማታ ገደል ላይ ያድራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙ፣ ምክንያቱም ሳር ሜዳውና ገደሉ ተጠጋግተው ካልተገኙ ጭላዳ የለም ማለት ይቻላል። ስሜን፣ መንዝ ጓሳ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሊባኖስ ሁሉም ይህ ጥምረት አላቸው። ከስምጥ ሸለቆው ማዶ አርሲ ውስጥም በዋቢ ሸበሌ ገደሎች ላይ ይገኛል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ባዶ ቆዳ ከሩቅ ባይታይ እንኳ አቀማመጡ ይለየዋል። መቀመጫው ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ሳር እየነጨ፣ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ሌላው ዝንጀሮ ቶሎ ቶሎ ተነስቶ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ተራው ዝንጀሮ፣ ማለትም የወይራ ዘይት የመሰለ ቡናማ ፀጉር ያለው፣ ፊቱ ሾጠጥ ብሎ እንደ ውሻ የረዘመ፣ ጅራቱ ከሥሩ ትንሽ ወጣ ብሎ እንደተሰበረ ቁልቁል የሚወርድ ነው። ስሜን ላይ ዝቅ ባለው በኩል ነጭ ዝንጀሮም አለ፣ ወንዱ ብርማ ካባ የደረበ የሚመስለው። ጦጣ ወንዝ ዳርና እርሻ ዳር አይጠፋም። ጉሬዛ ደግሞ ዛፍ ይፈልጋል። ጥቁርና ነጭ ፀጉሩን የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ላላችሁ መናገሻ ሱባ ደን ሄዳችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ባሌ ከሆናችሁ የባሌ ጦጣን ጨምሩ። እሷ የቀርከሃ ደን ነዋሪ ናት፣ ምግቧም በአብዛኛው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከቀርከሃው ይጀምራል።

3. ወቅቱን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አትክፈሉ

ብዙ ሰው «የዝናብ ወቅት» እና «የደረቅ ወቅት» ብሎ ለሁለት ይከፍልና ይጨርሳል። ለተራራ አይበቃም። ጥቅምትና የካቲት ሁለቱም በአብዛኛው ብዙ ዝናብ የላቸውም፣ ግን ለጭላዳ ሰማይና ምድር ናቸው። ጥቅምት ላይ ሳሩ ረጅም ነው፣ ዘር ይዟል፣ ግርጌው ገና አረንጓዴ ነው። የካቲት ላይ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ያኔ ጭላዳው ቅጠል መንጨቱን ቀንሶ መሬት መቆፈር ይጀምራል፣ ሥራሥሩንና አኮሩን ፍለጋ። የተቆፈረውን መሬት ስታዩት አሳማ የገባበት ነው የሚመስለው። መቆፈር ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ መንጋው ተበታትኖ በትንንሽ ቡድን ሊታይ ይችላል። ቁጥሩ ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል ማለት ነው።

በዚያ ላይ እርሻ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ገብስ ሲደርስ ጭላዳውም ዝንጀሮውም ወደ ማሳ ይጠጋል። የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋ ደግሞ በበልግ ዝናብ የሚዘራ ገብስ ስላለው የአዝመራው ሰዓት ከሌላው አገር ይለያል። ባሌ ሌላ ነው፣ ዝናቡም ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው።

እኔ የምመክረው በየቆጠራው ቀን ሦስት ነገር እንድትመዘግቡ ነው። ሳሩ አረንጓዴ ነው ወይስ ደረቅ፣ ማሳው ላይ ምን አለ (የታረሰ፣ ቡቃያ፣ የደረሰ፣ የታጨደ)፣ ባለፈው ሳምንት ዘንቧል ወይ? ወቅቱን በኋላ በእነዚህ ትከፋፍሉታላችሁ። ቢያንስ አራት ጊዜ ውጡ፦ ሐምሌ ወይም ነሐሴ፣ ጥቅምት፣ ጥር ወይም የካቲት፣ እና ሚያዝያ።

4. ፈቃድና ሰው

በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለጥናት ከሆነ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ፓርኩን ከሚያስተዳድረው የክልል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ከወራት በፊት ጀምሩ። ስሜን ላይ ያለ ስካውት አይገባም። መንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ሕዝቡ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ጓሳ ሳሩን ሲጠብቅ የኖረበት ምድር ስለሆነ መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር ቡና ጠጡ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ከተማ ሆኖ የሰማችሁት አይበቃም።

እረኞች የምታገኟቸው ምርጥ መምህራን ናቸው። ገደሉ ላይ የት እንደሚታደር፣ በየትኛው ሸንተረር እንደሚወጣ ያውቃሉ። ገበሬ ስታናግሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ጭላዳ ስንት ነው?» ስትሉት ካሳ የሚመጣ ከመሰለው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ሊከሱኝ ነው ካለ ደግሞ «ኧረ እኛ ጋ የለም» ይላል። «መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ምን እየበላ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ የተሻለ ነው።

5. መሬቱን ከፋፍሉ፣ መስመር አስምሩ

ካርታ ላይ ቦታውን በመሬቱ ዓይነት ክፈሉት። ለምሳሌ ጓሳና ሌላ ሳር ሜዳ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የበዛበት፣ የተፈጥሮ ደን፣ ባሕር ዛፍ፣ እርሻ፣ ገደል። በእያንዳንዱ ውስጥ መስመር አውጡ። ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከጎረቤት መስመር ቢያንስ 500 ሜትር የራቀ፣ አንዱን ቡድን ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሩት። ከመኪና መንገድ ዳር አትጀምሩ። መንገድ ዳር ያለ እንስሳ ሰው ለምዷል፣ ስሜን ውስጥ ቱሪስት የለመደ ጭላዳ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይግጣል። ሰው የሚያሯሩጠው የሌላ ቦታ ጭላዳ ግን 200 ሜትር ላይ ሲያያችሁ ገደል ይገባል። ሁለቱን ቦታ በቀጥታ ማወዳደር ዓይናፋርነትን መለካት እንጂ ብዛትን መለካት አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር፦ ቁልቁለት። 30 ዲግሪ በሚያዘነብል መሬት ላይ በገመድ 1,000 ሜትር ብትለኩ ካርታ ላይ ያለው ርቀት 866 ሜትር ብቻ ነው። ስፋት የሚሰላው በካርታው ነው። በእርምጃ ወይም በገመድ የለካችሁትን እንዳለ ካስገባችሁ መሬቱን አስፍታችሁ እንስሳውን ታሳሳላችሁ። የጂፒኤስ ነጥቦችን ተጠቀሙ፣ እሱ አግድሙን ነው የሚሰጣችሁ። ገደል ያለበትን ቦታ ደግሞ በመስመር አትሞክሩት፣ ለነፍሳችሁም ለዳታችሁም አይበጅም። ገደል ከማዶ ሆኖ ከአንድ ቋሚ ቦታ ነው የሚቆጠረው።

6. ሰዓቱን ያዙ

ጭላዳን መቁጠሪያው ምርጥ ሰዓት ጠዋት ነው፣ ከገደል ሲወጣ። ፀሐይ ገደሉን እስክትመታ ይቆያል፣ ከዚያ አፋፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅማል ይለቃቀማል፣ ግልገሎቹ ይላፋሉ። በጠራ ቀን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፣ እናንተ ግን 12 ሰዓት ላይ ቦታችሁን ያዙ። ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ሲመለስ ሁለተኛ ዕድል አለ። በቀዝቃዛና ጉማም ቀን ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ «በ2 ሰዓት ቆጠርኩ» ማለት ሐምሌና ጥር ላይ አንድ ትርጉም የለውም። ሰዓቱን ሳይሆን የመጀመሪያው ጭላዳ አፋፍ ላይ የወጣበትን ቅጽበት መነሻ አድርጉ።

ጉሬዛ የሚገኘው በጆሮ ነው። ገና ሳይነጋ ያገሳል። ድምፁ ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ቡድን ይመልሳል። ሁለት ሰው በተለያየ ቦታ ቆሞ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ቢይዝ፣ ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ የሚገናኙበት ቦታ የቡድኑ ማደሪያ ነው። ሲነጋ ሄዳችሁ ቁጠሯቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 አይበልጡም። ጉሬዛ ቅጠል በል ስለሆነና ክልሉም ጠባብ ስለሆነ በየወቅቱ ከቦታ ቦታ ብዙም አይጓዝም። በአንድ ወቅት ሙሉ በሙሉ ጠፋ ካላችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ መጥረቢያውን።

7. አቆጣጠሩ

ከሩቅ የምታዩት 400 ጭላዳ አንድ ቤተሰብ አይደለም። መሠረቱ አንድ አውራ የሚመራው ቤት ነው፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው። አንዳንዴ ተከታይ ወንድ ይጨመርበታል። ብዙ ቤቶች አብረው ሲግጡ መንጋ ይሆናል፣ አንዳንዴ ከ1,000 ይበልጣል። ዳር ዳሩን ደግሞ ቤት የሌላቸው ወንደላጤዎች በቡድን ይዞራሉ። መንጋው በሰዓታት ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ቤቱ ግን አብሮ ይቆያል። ስለዚህ መንጋውን ብቻ ሳይሆን አውራዎቹንም ቁጠሩ። ትልቅ ጎፈር፣ ትልቅ አካል፣ ከሩቅ ይለያል።

መንጋው ሜዳ ላይ ተበትኖ ሳለ አትቁጠሩ፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይደራረባል። ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ጠብቁ። ሸንተረር፣ የድንጋይ ክምር መሃል፣ የአጥር ክፍተት። በር ላይ ቆሞ ሰው እንደመቁጠር ነው። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳይሰማ። ልዩነቱ ከአሥር በመቶ ከበለጠ ድገሙ። ሦስተኛው ሰው ቪዲዮ ይያዝ።

በመስመር ስትሄዱ ደግሞ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አትፍጠኑ። ቡድን ስታዩ ቁሙና ይህን ጻፉ፦ ዝርያ፣ ብዛት፣ ዕድሜና ፆታ (አውራ፣ ወጣት ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል)፣ ከእናንተ ያለው ርቀት፣ ከመስመሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ምን እያደረገ እንደነበር። ርቀቱ 80 ሜትር፣ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን እንስሳው ከመስመሩ 40 ሜትር ይርቃል። በኋላ የቆጠራችሁበትን መሬት ስፋት ለማስላት የሚያስፈልጋችሁ ይቺ 40 ናት። አንዳንድ ጭላዳ ላይ ትልልቅ እብጠት ታያላችሁ። የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ነው የሚያመጣው። ቅጹ ላይ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ አትጠጉ። መመገብም አይታሰብ፣ ዳቦ የለመደ እንስሳ ቆጠራችሁንም ጎረቤቱንም ያበላሻል።

መንዝ ጓሳ ከሆናችሁ መንጋው መሃል ቀይ ቀበሮ ስትሄድ ብታዩ አትደንግጡ። እዚያ በተደረገ ጥናት ቀበሮዋ ጭላዳ መሃል ሆና አይጥ ስታድን ብቻዋን ከምታድነው በጣም የተሻለ ይቀናታል። ጭላዳዎቹም ችላ ይሏታል። ለቆጠራው ባይጠቅምም የቀኑ ደሞዛችሁ ነው።

8. የማየት አቅማችሁን ለኩ

የጽሑፉ ልብ እዚህ ነው። መስመሩ ላይ በ50፣ በ100 እና በ200 ሜትር ርቀት ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ እሰሩ። ቆጠራ ከመጀመራችሁ በፊት ስንተኛው እንደሚታያችሁ ጻፉ። የ100 ሜትሩ ካልታየ አትቁጠሩ። እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ ካልተገለጠ ተመለሱ። ቅጹ ላይ ግን ዜሮ አትጻፉ። «አልተቆጠረም» ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ቅጽ ወረቀቱን ነው ያባከነው።

ደን ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ላይ ተራርቆ ይሂድና ያየውን ለየብቻው ይጻፍ። እንበልና ከበደ 10 ቡድን አየ፣ አልማዝ 8 አየች፣ ሁለቱም ያዩት 6 ነው። 10 ጊዜ 8፣ ለ6 ሲካፈል ወደ 13 ይመጣል፣ ይህም በመስመሩ ላይ ያሉት ቡድኖች ግምት ነው። በድምሩ ያዩት 12 ስለሆነ አንድ ያህል አመለጣቸው ማለት ነው። በክረምት ቅጠሉ ሲበዛ ይህን ብትደግሙት የጋራው ቁጥር ይቀንሳል። ያ ነው የወቅቱ መጋረጃ፣ አሁን በቁጥር ያዛችሁት።

9. ሒሳቡ

ለብዝኃነት ሁሉም የሻነንን ቀመር ይጠቀማል፣ የዝርያዎቹን ብዛትና ድርሻ በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን። የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በዚያው ድርሻ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (ኤክሴል ላይ LN) ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ምልክቱን ትገለብጣላችሁ። ኤክሴል ይሠራዋል። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። በምሳሌ እንየው። በጥር ካያችሁት ውስጥ ጭላዳ 80 በመቶ፣ ጉሬዛ 15፣ ጦጣ 5 ቢሆን ውጤቱ 0.61 ነው። በሐምሌ ጭላዳ 60፣ ጉሬዛ 30፣ ጦጣ 10 ቢሆን 0.90 ይሆናል። «በክረምት ብዝኃነት ጨመረ!» ልትሉ ነው። ምንም አልጨመረም። ሦስት ዝርያ ነበር፣ ሦስት ነው። አንድ ትልቅ የጭላዳ መንጋ ከጉም ጀርባ ስለቀረ ብቻ ሌሎቹ ድርሻቸው ከፍ አለ።

በመንጋ የሚኖር እንስሳ ላይ ይህ ቀመር በግለሰብ ቁጥር ሲሠራ አላምነውም። በቡድን ቁጥር ሥሩት፣ ከጎኑም በኪሎ ሜትር ስንት ቡድን እንዳገኛችሁ ጻፉ። ለምሳሌ 24 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 6 የጉሬዛ ቡድን ካያችሁ በኪሎ ሜትር 0.25 ነው። ቀላል ነው፣ ማንም ይረዳዋል፣ ከወቅት ወቅትም ይወዳደራል፣ በእያንዳንዱ ወቅት የሄዳችሁት ርቀትና የማየት አቅማችሁ ከተጻፈ።

10. ሰዓትና ቀን

ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስንት ዳታ አበላሽታለች። ካሜራውና ጂፒኤሱ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይመዘግባሉ፣ ስካውቱ በእኛ ይጽፋል። ሰኔ 30 የፈረንጅ ጁላይ 7 ነው፣ የጠዋቱ 1 ሰዓት ለካሜራው 7 ሰዓት ነው። አንዱን ምረጡና ቅጹ ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፉት። ጳጉሜንም አትርሱ።

ማታ ማታ ቅጾቹን በስልክ ፎቶ አንሡ። ዝናብ የበላውን ወረቀት የሚያነብ ሰው የለም። ውጤቱን ለሕዝብ ስታወጡ ደግሞ የማደሪያ ገደሎቹን ትክክለኛ ነጥብ ሰርዛችሁ ቀበሌውን ብቻ አስቀሩ።